በአንድ ጥላ ሥር፦ የካዮ ሳንቲያጎ ጦጣዎች ከማሪያ አውሎ ነፋስ በፊትና በኋላ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ማለዳ ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት በያቡኮዋ በኩል ወደ ፖርቶ ሪኮ ምድር ገባ። ከዚያው ጠረፍ ብዙም ሳይርቅ፣ ከፑንታ ሳንቲያጎ መንደር ፊት ለፊት፣ ከባሕሩ ዳርቻ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ ካዮ ሳንቲያጎ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ስፋቷ 15 ሄክታር ያህል ነው፤ ሰው አይኖርባትም፤ ነዋሪዎቿ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሬሰስ የተባሉ ጦጣዎች ናቸው። አውሎ ነፋሱ ሲያልፍ የመንደሩ ሰዎች ውኃና ምግብ እንዳጡ መንገዳቸው ላይ በትልልቅ ፊደላት ጽፈው በሰማይ ለሚያልፍ ሁሉ የድረሱልን ጥሪ አሰሙ። በመላው ፖርቶ ሪኮ በአደጋውና እሱን ተከትሎ በመጣው ችግር የሞቱት ሰዎች ቁጥር፣ መንግሥት በኋላ በተቀበለው ግምት መሠረት፣ 2,975 ደርሷል። ከዚህ በታች የሚቀርበው በደሴቲቱ ላይ የቀሩት ጦጣዎች ጉዳይ ነው፤ የተጀመረው ግን በሰው ከባድ መከራ መካከል መሆኑን ሳያነሱ ማለፍ አይገባም። (ዘመናቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ስለ ማኅበራዊ ግንኙነትና ጤና ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2010 ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ነው። ቀደም ብለው የተሠሩ 148 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሲሆን በጥናቶቹ የተካተቱት ሰዎች 308,849 ነበሩ። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በክትትሉ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ግንኙነታቸው ከሳሳው ሰዎች በ50 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል። ሰው የሚታመመው ብቸኛ ስለሆነ ነው ወይስ ብቸኛ የሚሆነው ስለታመመ? የታመመ ሰው ከቤት አይወጣም፤ ጠያቂውም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ወዳጅ የበዛለት ሰው ደግሞ ገቢው፣ አመጋገቡና ሐኪም ዘንድ የመሄድ ልማዱ ሊለይ ይችላል። ሰዎችን ከወዳጆቻቸው ነጥሎ ውጤቱን መመልከት በሥነ ምግባር የማይፈቀድ በመሆኑ ጥያቄው በሰው ላይ በሚደረግ ሙከራ አይፈታም።

የካዮ ሳንቲያጎ ጉዳይ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ጦጣዎቹ አያጨሱም፤ ገቢያቸው አይበላለጥም፤ ምግባቸውን የሚያቀርብላቸው በደሴቲቱ ያለው የምርምር ጣቢያ ነው፤ ሕክምናም የሚደርሳቸው እጅግ በጥቂቱ ነው። አውሎ ነፋሱ ሁሉንም በአንድ ቀን መታ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአደጋው በፊት ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ እንደነበር ዓመታት ያስቆጠረ መዝገብ ነበር። ተመራማሪ አቅዶ ሊያደርገው የማይችለውንና ሊያደርገው የማይገባውን ሙከራ ተፈጥሮ አደረገችው።

የመዝገቡ ታሪክ ረጅም ነው። በ1938 ክላረንስ ካርፔንተር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ 409 ሬሰስ ጦጣዎችን ከሕንድ በመርከብ አምጥቶ በደሴቲቱ ላይ ለቀቃቸው። ዛሬ የሚኖሩት ሁሉ የእነዚያ ልጅ ልጆች ናቸው። ደሴቲቱን የሚያስተዳድረው በፖርቶ ሪኮ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የካሪቢያን ፕራይሜት ምርምር ማዕከል ነው። እያንዳንዷ ጦጣ የንቅሳት መለያ አላት፤ እናቷ፣ ቡድኗና የተወለደችበት ወቅት ይታወቃል፤ ስትሞትም ይመዘገባል። ሠራተኞቹ ማስታወሻቸውን ይዘው በቡድኖቹ መካከል እየተዘዋወሩ፣ በዚያች ቅጽበት ከአንዷ ጦጣ ሁለት ሜትር ባልበለጠ ርቀት ውስጥ እነማን እንዳሉ፣ ማን የማንን ፀጉር እየፈተሸ እንደሚቀምል፣ ማን ማንን እንዳባረረ ይጽፋሉ። አሰልቺ ሥራ ይመስላል። ለእኔ ግን የጥናቱ ሁሉ መሠረት ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ከላቦራቶሪ የመጣው ውጤት ሁሉ ትርጉም ያገኘው እነዚህ ማስታወሻዎች ስለነበሩ ነው።

ሬሰስ ጦጣ በጠባይዋ ገር አይደለችም። በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ ማካክ ከተባለው፣ ሬሰስ ከምትመደብበት የጦጣ ወገን ዝርያዎች ሁሉ በማዕረግ የጠነከረ ልዩነት የሚያደርግና ለመቆጣት የሚፈጥን ዝርያ ተብሎ የሚታወቀው ይኸው ነው። ሴቶቹ ማዕረጋቸውን ከእናታቸው ይወርሳሉ። ባለ ዝቅተኛ ማዕረጓ ባለ ከፍተኛ ማዕረጓ ስትመጣ ቦታዋን ትለቃለች፤ ካልለቀቀች ትነከሳለች። አውሎ ነፋሱ ያገኘው ይህን ዓይነት ማኅበረሰብ ነበር።

ብዙዎቹ ጦጣዎች ከአውሎ ነፋሱ ተርፈዋል። የደሴቲቱ ዛፎች ግን አልተረፉም፤ ከዕፅዋቱ 63 በመቶው ወደመ። የጣቢያው ሠራተኞች፣ የራሳቸው ቤት የፈረሰባቸው ጭምር፣ በጀልባ እየተመላለሱ ምግብ አድርሰዋል፤ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎቹንም ጠግነዋል። ስለዚህ ዋናው ችግር ረኀብ አልነበረም። ችግሩ ፀሐይ ነበር። በሞቃታማው ካሪቢያን ጥላ በሌለበት ሥፍራ በቀትር የሚለካው ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ቀድሞ ጥላ በየትም ይገኝ ስለነበር የሚጣሉበት ነገር አልነበረም፤ ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ግን አንድ የተረፈ ግንድ መሬት ላይ የሚጥላት ቀጭን ጥላ እንደ ሀብት የምትቆጠር ሆነች።

ተመራማሪዎቹ ምን እንደጠበቁ ማወቅ ውጤቱን ለመመዘን ይረዳል። ካሚል ቴስታርድ፣ ሎረን ብሬንት፣ ማይክል ፕላትና ባልደረቦቻቸው የገመቱት ጦጣዎቹ በችግር ጊዜ ይበልጥ ወደ ቅርብ ወዳጆቻቸው እንደሚጠጉ ነበር። ግምቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የተጨነቀ ሰውም መጀመሪያ የሚፈልገው የልቡን ሰው ነው። በ2021 የታተመው ውጤት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ጦጣዎቹ የቆዩ ወዳጅነቶቻቸውን ከማጥበቅ ይልቅ የወዳጆቻቸውን ቁጥር አበዙ። ከአደጋው በፊት ብቸኛ የነበሩት ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ግንኙነታቸውን አሰፉ። አዲሱን ወዳጅ የመረጡበትም መንገድ ልብ ይሏል፤ ብዙ ጊዜ የተጠጉት የወዳጃቸውን ወዳጅ ነበር። ይህ ብዙ ድካም የማይጠይቅ መንገድ ነው፤ በመካከል ያለችው ጦጣ ለሁለቱም የታወቀች ስለሆነች ጠብ የመነሳት ዕድሉ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አንጎል መግባት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም «ወዳጅ ማብዛት» ለአንጎል ቀላል ሥራ አይደለም። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠች ሌላ ጦጣ ወደ የት እንደምታይ፣ ጥርሷን የገለጠችው ልትነክስ ይሁን ወይስ ስለፈራች፣ ትናንት ከማን ጋር እንደነበረች ያለማቋረጥ መከታተል ያስፈልጋል። በ2022 የዚሁ የምርምር ቡድን አባላት ከካዮ ሳንቲያጎ አንድ ቡድን የተገኙ 103 አንጎሎችን ኤምአርአይ በተባለው፣ የሰውነትን ውስጥ በመግነጢስ ኃይል በሚያሳይ የምስል መሣሪያ መርምረው አሳተሙ። ፀጉር የምትቃመላቸው ጓደኞቿ ቁጥር የበዛ ጦጣ ሁለት የአንጎል ክፍሎቿ ገዘፍ ብለው ተገኙ። አንደኛው በጆሮ አካባቢ በኩል በአንጎል ጎን የሚያልፈው ሱፒሪየር ቴምፖራል ሰልከስ የተባለው ሸንተረር መካከለኛ ክፍል ነው፤ የሌላውን እንቅስቃሴ፣ የዓይኑን አቅጣጫና ሐሳቡን ለመገመት የሚያገለግል ሥፍራ ነው። ሁለተኛው ኢንሱላ የተባለው፣ ከውጭ የማይታይ፣ በእጥፋቶች መካከል ተደብቆ የሚገኘው የአንጎል ክፍል ሲሆን ከስሜትና ከውስጣዊ የሰውነት ሁኔታ ጋር የተያያዘ ሥራ አለው። ልዩነቱን ያመጣው የጓደኞች ቁጥር ነበር፤ የማዕረግ ከፍታ ወይም ሌላው የማኅበራዊ ሕይወት መለኪያ ተመሳሳይ ዝምድና አላሳየም።

ታዲያ ትልቅ ኢንሱላ ያላት ጦጣ ናት ወዳጅ የምታበዛው ወይስ ወዳጅ ማብዛት ነው ኢንሱላን የሚያሳድገው? በዚያው ጥናት ግልገሎቹም ተመርምረው ነበር። የእናቲቱ ወዳጆች ብዛት ከግልገሏ አንጎል ቅርጽ ጋር ዝምድና አልታየበትም፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሲወለዱ ይዘውት የሚመጡት ሳይሆን እያደጉ ሲሄዱ የሚፈጠር ይመስላል። ይህን የሚያጠናክር ሌላ ማስረጃ አለ። በ2011 ጄሮም ሳሌና ባልደረቦቹ 23 ጦጣዎችን፣ አንዳንዱን ለብቻ፣ ሌሎቹን እስከ ሰባት በሚደርስ ቡድን ውስጥ የኖሩትን፣ አንጎላቸውን አነጻጽረው ነበር። ከብዙዎች ጋር የኖሩት ጦጣዎች በዚያው በሸንተረሩ መካከለኛ ክፍልና በአንጎል የፊት ክፍል የበለጠ ግራጫ ቁስ፣ ማለትም የነርቭ ሕዋሳት አካል የሚበዛበት የአንጎል ክፍል፣ ነበራቸው። በዚያ ጥናት ጦጣዎቹ ቡድናቸውን የመረጡት ራሳቸው አልነበሩም፤ የመደቧቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አብሮ መኖር አንጎልን ይለውጣል የሚለው ንባብ የበለጠ ሚዛን ይደፋል። ለእኔ ከሁለቱ ጥናቶች ይበልጥ ክብደት ያለው ይህ የቆየውና ትንሹ ነው፤ ዕጣ ከምርጫ የተለየበት እሱ ብቻ ነውና።

በአንጎልና በጤና መካከል ያለው መንገድም በደንብ የተጠና ነው። አደጋ ሲሰማ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ለፒቱታሪ ዕጢ መልእክት ይልካል፤ ፒቱታሪም ከኩላሊት በላይ ላሉት አድሬናል ዕጢዎች ያስተላልፋል፤ እነሱ ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ለአጭር ጊዜ ይህ ሕይወት ያድናል። ሲረዝም ግን የበሽታ መከላከያ ሥርዓትን ያዛባል፤ ለደም ሥርና ለልብም ጎጂ ይሆናል። የሌላ ሰው መኖር ይህን ሰንሰለት ገና ከመነሻው ያለዝበዋል። በ2006 ጄምስ ኮን የተባለ ተመራማሪ ያደረገው ሙከራ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። 16 ባለትዳር ሴቶች በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል ምልክት ይታያቸው ነበር። ብቻቸውን ሲሆኑ፣ የማያውቁትን ሰው እጅ ሲይዙና የባላቸውን እጅ ሲይዙ አንጎላቸው የሰጠው ምላሽ ተነጻጸረ። በባል እጅ ጊዜ የአደጋ ምላሽ የሚሰጡት ክፍሎች እንቅስቃሴ በጣም ረገበ፤ ትዳራቸው የሰመረ ሴቶች ላይ ደግሞ ሃይፖታላመስ ጭምር ቀዝቀዝ አለ። ትኩረት የሚስበው የማያውቁት ሰው እጅም ቢሆን፣ ያነሰ ቢሆንም፣ የተወሰነ ማረጋጋት ማምጣቱ ነው። ይህን ነጥብ ያዝ አድርገን ወደ ደሴቲቱ እንመለስ።

አውሎ ነፋሱ በጦጣዎቹ ደም ውስጥ አሻራውን ትቷል። ማሪና ዋቶዊች፣ ኖኣ ስናይደር-ማክለርና ባልደረቦቻቸው በ2022 ባሳተሙት ጥናት ከአደጋው በፊትና በኋላ የተወሰዱ የደም ናሙናዎችን አነጻጽረው የትኞቹ ጂኖች ንቁ እንደነበሩ ተመለከቱ። ከአደጋው በኋላ ናሙና የተወሰደባቸው ጦጣዎች የመከላከያ ሕዋሳት የጂን አሠራር ከዕድሜያቸው በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል የጨመረ መሰለ፤ ይህ በሰው ዕድሜ ሲመነዘር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሆናል። የተለወጡት ጂኖች ከእርጅና ጋር ከሚለወጡት ጋር በብዛት ይመሳሰላሉ። ከቀነሱት መካከል ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን እንዲይዙ የሚያግዙ ይገኙበታል፤ ሙቀትና ጭንቀት ሕዋስን ሲያጠቁት ተሯሩጠው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ነገር ግን አማካይ አማካይ ነው፤ ሁሉም ጦጣ እኩል አላረጀም። አንድ ዓይነት አደጋ ያለፈባቸው፣ አንድ ዓይነት ምግብ የሚበሉ እንስሳት የተለያየ ጉዳት ማሳየታቸው ሌላውን ጥያቄ ይጎትታል፤ ማን የተሻለ ተቋቋመው?

የዚህ መልስ በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። የእነ ቴስታርድ የምርምር ቡድን ከአውሎ ነፋሱ በፊት አምስት፣ ከኋላው አምስት፣ በጠቅላላው የ10 ዓመታት መረጃ ተመልክቶ፣ ጦጣዎቹ እርስ በርስ መቻቻላቸው መጨመሩንና ጠባቸው መቀነሱን አረጋገጠ። ለውጡ የሳምንታት ድንጋጤ አልነበረም፤ ዓመታት ዘልቋል። ዋናው ግኝት ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከአውሎ ነፋሱ በፊት ብዙ ጦጣዎች አጠገቧ እንዲቀመጡ የምትፈቅድ ጦጣ ከሌሎቹ በተለየ ዕድሜ አልጨመረላትም። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ግን ያው ጠባይ ሕይወት የሚያተርፍ ሆነ፤ ብዙዎችን አጠገቧ የታገሠች ጦጣ በሕይወት የመቆየት ዕድሏ ጨመረ። ጠባዩ ያው ነው፤ የተለወጠው መሬቱ ነው።

ይህን ከ2019ኙ ጥናት ጋር አጣምሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ያኔ ሳም ኤሊስና ባልደረቦቹ በዚያችው ደሴት ያሉ አዋቂ ሴት ጦጣዎችን መዝገብ መርምረው የትኛው ዓይነት ግንኙነት ዕድሜ እንደሚያስረዝም ጠይቀው ነበር። ሁለት ዓይነት ጦጣዎች በሕይወት በመቆየት በለጡ፤ ከሚመርጧቸው ጥቂት ወዳጆች ጋር የጠበቀ ግንኙነት የነበራቸውና ላላ ያለም ቢሆን ከብዙዎች ጋር ግንኙነት የነበራቸው። ብዙ ሰዓት በመቀማመል ማሳለፍ ብቻውን የፈየደው ነገር አልነበረም። ያኛው ከአደጋው በፊት ብዙዎችን አጠገብ መታገሥ ዕድሜ አልጨመረም ስለሚል፣ ከ2024ቱ ውጤት ጋር ሲታይ የሚጋጭ የሚመስል ነገር አለ፤ ሁለቱ የሚለኩት ግን አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ስለ ግንኙነት ዓይነቶች በሰፊው ሲጠይቅ፣ ሁለተኛው አጠገብ መቀመጥን መፍቀድ የሚባለውን አንድ ጠባይ ለይቶ ከሙቀት ጋር ያያይዘዋል።

እንደ ጸሐፊ በዚህ ጉዳይ የምይዘው አቋም አንድ ነው። ስለ ጤናና ስለ ግንኙነት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወዳጅነትን እንደ ቫይታሚን ያቀርበዋል፤ በብዛት ከተወሰደ ሁልጊዜ ይበጃል የሚል ዓይነት። የካዮ ሳንቲያጎ መዝገብ የሚያሳየው ከዚህ ይለያል። ግንኙነት የሚጠቅመው አካባቢው ለጎደለው ነገር መልስ ሲሆን ነው። የጎደለው ጥላ በሆነ ጊዜ የጠቀመው ጥልቅ ፍቅር ሳይሆን ባልንጀራ ያልሆነችን ጦጣ ሳይነክሱ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። በአማርኛ «ወዳጅነት» የሚለው ቃል ለዚህ ይከብዳል፤ «መቻቻል» የሚለው ይቀርባል፤ እሱም ቢሆን የሐሳብ ስምምነት ያለ ያስመስላል፤ እዚህ ግን የምንናገረው አንድ ክንድ ስለሚያህል ቦታ ነው።

ወደ ሰው ሲሻገሩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጦጣ ቋንቋ የላትም፤ ስልክ አትደውልም፤ ስለ ነገ አትወያይም፤ በኤምአርአይ የታየው የአንጎል ልዩነትም ጥቂት ነው እንጂ አንድን ሰው አይተን ስንት ወዳጅ እንዳለው የምንናገርበት አይደለም። ቢሆንም ከሰው ጥናት ጋር የሚገናኝበት አንድ ቦታ አለ። በኮን ሙከራ የማያውቁት ሰው እጅ እንኳ ጥቂት ማረጋጋቱ፣ በደሴቲቱም የማይቀራረቡ ጦጣዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ብቻ ማትረፉ፣ አንጎል ከሌላ ሕያው ፍጡር የሚፈልገው ሁልጊዜ ጥልቅ ትስስር አለመሆኑን ያመለክታሉ። ጠላት አለመሆኑ ብቻ አንዳንድ ጊዜ በቂ ነው። የአደጋ ምልክቱን በሚያነበው የአንጎል ክፍል ዘንድ «ይህች አትነክሰኝም» የሚል ፍርድ ሲበዛ፣ ሰውነት ለመከላከል የሚያወጣውን ጉልበት ለሌላ ሥራ ያውለዋል።

ከ2024ቱ ጥናት አንድ ዝርዝር እጨምራለሁ። ጦጣዎቹ የሚቀራረቡት ለጥላ ብቻ ቢሆን ኖሮ መቀራረቡ በቀትር ብቻ መታየት ነበረበት። ተመራማሪዎቹ ግን ማለዳ ላይ፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታና ጥላ ማንም በማይሻበት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት አጠገብ ለአጠገብ የማይቀመጡ የነበሩ ጦጣዎች አብረው ተቀምጠው አገኟቸው።